የላኮታ ሴቶች የዛጎል ቀሚስ፦ ሰብሳቢው የሚከፍለው ለምኑ ነው?

ላኮታ ከሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ነው። መጀመሪያ የሴቶቹን ቀሚስ ጠጋ ብለን እንየው።

ጨርቁ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነው። ወፈር፣ ከበድ ይላል። ስፌቱ ቀላል ነው። አንድ ወጥ ጨርቅ ትከሻው ላይ ይታጠፋል፣ ግራና ቀኝ እጅጌ ይቀጠልለታል፣ አንገቱ ይቀደዳል። ቁልፍ የለው፣ ወገብ የለው። ከአንገቱ ሥር ጀምሮ ግን ትከሻውና ደረቱ በነጭ ተሸፍኗል። ከሩቅ ጥልፍ ይመስላል። ቀረብ ሲሉት ዛጎል ነው። አንዱ ዛጎል ከትንሿ ጣት ይቀጥናል። ርዝመቱ ከሁለት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ነው። ጎበጥ ያለ፣ የዝሆን ጥርስን በትንሹ የሠሩት የሚመስል ነገር ነው። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ክር በአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ዛጎሎቹ ጎን ለጎን፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰልፈው አንገቱን ይዞራሉ። ከዚያ ሌላ ረድፍ ይከተላል፣ ከዚያ ሌላ። ልቁጠር ያለ ሰው መቶዎችን አልፎ ይተወዋል።

እንዲህ ያለው ቀሚስ በጥንታዊ ዕቃ ገበያ ላይ «የሱ ዴንታሊየም ቀሚስ» ተብሎ ይሸጣል፤ «ሱ» የሕዝቡ፣ «ዴንታሊየም» የዛጎሉ ስም ነው። አብዛኞቹ የተሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ዋጋው ከጥቂት ሺህ ዶላር ይነሳል፤ ጥሩ ታሪክ ያለው፣ በደንብ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ብዙ ከፍ ይላል። ለመሆኑ የሚከፈለው ለምኑ ነው? ለጨርቁ? ለዛጎሉ? መልሱ ቀላል አይደለም፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ከስሙ እንጀምር። «ሱ» የሚለው ስም ሕዝቡ ለራሱ ያወጣው አይደለም። ጎረቤቶቻቸው ኦጂብዌዎች የሚጠሩበትን ስም ፈረንሳውያን ነጋዴዎች ቆርጠው አሳጠሩትና በዚያው ቀረ። እነሱ ራሳቸውን እንደየቀበልኛቸው ላኮታ ወይም ዳኮታ ይላሉ። ሰሜንና ደቡብ ዳኮታ የሚባሉት ክፍለ ግዛቶች ስማቸውን ከእነሱ ወሰዱ። ብዙ ሐበሻ የሚኖርበት ሚኒሶታ እንኳ ስሙ የዳኮታ ቋንቋ ነው። ሱ ፎልስ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ስማቸውን በየቀኑ ይጠራል፣ ላያስተውለው ይችላል እንጂ። የዛጎል ቀሚሱ በተለይ የሚታወቀው በምዕራብ ባሉት፣ በላኮታዎቹ ነው። እኔም ከዚህ በኋላ ላኮታ እላለሁ።

አሁን ወደ ዛጎሉ። እኛ ዛጎል ስንል ቶሎ ትዝ የሚለን ሐመር ሴቶች ቆዳ ልብሳቸው ላይ የሚሰፉት ድብልብሉ፣ አፉ ጥርስ ያወጣ የሚመስለው ነው። እሱ ካውሪ ይባላል። የሚገኘው በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖሶች ሙቅ ውኃ ውስጥ ነው። ላኮታ ሴቶች ነጋዴ ሲያመጣላቸው እሱንም ቀሚስ ላይ ሰፍተዋል። የምንነጋገርበት ዴንታሊየም ግን ሌላ ነው። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚኖር የባሕር እንስሳ ቤት ነው። ዝነኛው ዓይነት የሚገኘው በዛሬዋ ካናዳ ምዕራብ ጫፍ፣ በቫንኩቨር ደሴት ዳርቻ ነው።

ላኮታዎች የሚኖሩት ከባሕር እጅግ ርቀው፣ ሜዳ ላይ ነው። ከቫንኩቨር ደሴት እስከ ደቡብ ዳኮታ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መሐል ላይ የሮኪ ተራሮች አሉ። ታዲያ ዛጎሉ እንዴት ደረሰ?

ከባሕር የሚያወጡት ኑቻኑልት የተባሉት የደሴቲቱ ሰዎች ነበሩ። አወጣጡ ደስ የሚል ብልሃት አለው። እንስሳው የሚኖረው ጠላቂ በቀላሉ በማይደርስበት ጥልቀት ነው። ስለዚህ በጣም ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የቀጫጭን እንጨት ጥቅል ያስራሉ፤ ትልቅ መጥረጊያ በሉት። ከታንኳ ላይ ሆነው መጥረጊያውን ወደ ታች ይሰድዱና አሸዋውን ይወጉታል። በድንጋይ የከበደ ሳንቃ ጥቅሉን ጭምቅ ሲያደርገው በእንጨቶቹ መሐል የገባው ዛጎል ተይዞ ይወጣል። አንዴ ተወግቶ ጥቂት ዛጎል፣ አንዳንዴም ምንም። ውድ የሆነው ለዚህ ነው።

ከዚያ ዛጎሉ ገንዘብ ሆነ። ምሳሌ መሆኑ አይደለም፤ በእውነት ገንዘብ ነበር። በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ፣ በኮሎምቢያ ወንዝ አፍ የነበሩት ቺኑኮች ይነግዱበት ነበር። በካሊፎርኒያ ሰሜን ዩሮኮች በርዝመቱ ይለኩታል፤ ረጅም ከሆነ ዋጋው ይንራል። ወንዶቹ ክንዳቸው ላይ የንቅሳት መስመር ነበራቸው። የዛጎሉን ድርድር ከአውራ ጣታቸው ጥፍር አንስተው ክንዳቸው ላይ ይዘረጉታል፤ የትኛው መስመር ላይ እንደሚደርስ ያያሉ። ሰውነታቸው ሚዛን ነበር ማለት ነው። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከጎሳ ወደ ጎሳ እየተሸጠ ዛጎሉ ተራራውን ተሻገረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፀጉራም ቆዳ የሚገዙ ነጮች ነጋዴዎች መጡና በብዛት ማመላለስ ጀመሩ። ሱቃቸው ውስጥ ከስኳርና ከጥይት ጎን ዛጎል ይሸጥ ነበር።

ጨርቁም የሩቅ አገር ሰው ነው። ስትራውድ ይባላል። ስሙን ያገኘው በእንግሊዝ አገር ግሎስተርሻየር ካለችው የሽመና ከተማ ነው። እዚያ ተሸምኖ፣ በኢንዲጎ ሰማያዊ ወይም በቀይ ተነክሮ፣ መርከብ ተሳፍሮ ይመጣል። ይህን ጨርቅ ስታዩ ጠርዙን ተመልከቱ። ነጭ ነው። ሲነከር ጠርዙ ታስሮ ስለሚሸፈን ቀለም አይገባበትም። ቀለሙ ከነጩ ጋር የሚገናኝበት መስመር ቀጥ ያለ አይደለም፤ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ላኮታ ሴቶች ይህን ጠርዝ ቆርጠው አልጣሉትም። የቀሚሱ ታችና የእጅጌው አፍ ላይ እንዲውል አድርገው ቆረጡት። እናቶቻችን ጥለቱ የት ላይ እንደሚያርፍ አስበው ቀሚስ እንደሚያስቆርጡት ማለት ነው። ፋብሪካው ለራሱ ሥራ የተወው ጠርዝ በእነሱ እጅ ጌጥ ሆነ።

ስለዚህ አንድ ቀሚስ ላይ የፓስፊክ ባሕርና የእንግሊዝ ሸማኔ ተገናኝተዋል። ዶቃ ካለበት የጣሊያኗ ቬኒስና በዛሬዋ ቼክ ያለችው ቦሄሚያም ተጨምረዋል፤ የመስታወት ዶቃው የሚመጣው ከዚያ ነበርና። ብዙ ሰው የአሜሪካ ሜዳ ሕዝቦችን ከዓለም ተነጥለው የኖሩ አድርጎ ያስባል። ይህ ቀሚስ ያንን ሐሳብ ያፈርሰዋል። ላኮታ ሴት ከዓለም ገበያ የመጣላትን ዕቃ መርጣ፣ ለክታ፣ በራሷ ዓይን አዲስ ነገር ሠራችበት። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው።

ቀሚሱን ማን ይለብሰዋል? የቀን ተቀን ልብስ አይደለም፤ የክት ነው። ለበዓል፣ ለጭፈራ፣ ለክብር ቀን። ብዙዎቹ ደግሞ ትንንሽ ናቸው። የልጅ ቀሚስ። ላኮታዎች ዘንድ ቤተሰብ አንድን ልጅ ለይቶ የሚያከብርበት ሥርዓት አለ። የዚያ ልጅ ስም ተጠርቶ ለድሆች ይሰጣል፣ እንግዳ ይጋበዛል፣ ልጁም ምርጥ ልብስ ይለብሳል። ልጅ ቶሎ ያድጋል፤ ልብሱ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ አይሆነውም። ይህ እየታወቀ እናት ወይም አያት ያንን ሁሉ ሌሊት ትሰፋለች። ትንሹን ቀሚስ ሳይ ሁልጊዜ የማስበው የሰፋችውን ሴት ዓይን ነው።

ሥራው ቀልድ አልነበረም። ላኮታ ወንድ በጦርነት የሠራውን ጀብዱ እንደሚቆጥር፣ ሴቷም የሠራችውን ትቆጥር ነበር። ቆዳ የሚፋቁበት መሣሪያ ከኤልክ ቀንድ የተሠራ ነው፤ ኤልክ ትልቅ የአጋዘን ዓይነት ነው። ሴቲቱ ቆዳ አልፍታ በጨረሰች ቁጥር እጀታው ላይ ምልክት ትጭራለች። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ እነዚያን እጀታዎች ስታዩ ነጠብጣቡ በረድፍ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። የአንዲት ሴት የዕድሜ ልክ ሥራ መዝገብ ነው።

የዛጎል ቀሚስ ዘመድ የሆነ ሌላ ቀሚስም አለ፤ የኤልክ ጥርስ የሚሰፋበት። አንድ ኤልክ ለዚህ የሚሆን ጥርስ ያለው ሁለት ብቻ ነው። ሦስት መቶ ጥርስ ያለበት ቀሚስ ማለት አንድ መቶ ሃምሳ ኤልክ ማለት ነው። ያን ያህል ማደን ስለማይቻል ብዙ ጊዜ አጥንት እየተቀረጸ ጥርስ እንዲመስል ይደረግና ከእውነተኛው ጋር ይደባለቃል። ያኔ ማታለል አልነበረም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ዛሬ ገዢው ማወቅ አለበት እንጂ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንሂድ።

እነዚህ ቀሚሶች በብዛት የተሠሩበት ዘመን ለላኮታዎች የጥጋብ ዘመን አልነበረም። ተቃራኒው ነው። በ1868 የፎርት ላራሚ ስምምነት ተፈረመ። ወሩ ሚያዝያ ነበር፤ መቅደላ የወደቀችበት ወር። ስምምነቱ ሰፊ መሬት ለእነሱ ብሎ ከለለ። ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ጎሹ ታድኖ አለቀ፤ ምግባቸውም፣ ድንኳናቸውም፣ ልብሳቸውም እሱ ነበር። በ1883 መንግሥት ጭፈራቸውንና ሥርዓታቸውን ወንጀል የሚያደርግ ደንብ አወጣ። በ1889 የቀረው መሬት ተቆራርጦ ፓይን ሪጅ፣ ሮዝበድ፣ ስታንዲንግ ሮክ የመሳሰሉ ትንንሽ ክልሎች ሆነ። ሰዉ የሚኖረው በመንግሥት ራሽን ነበር።

እና በዚያ ጊዜ ሴቶቹ ከቀድሞው የበለጠ ሰፉ። ከቀድሞው የበለጠ አስጌጡ። ለምን? አንዱ ምክንያት የቦታው ለውጥ ነው። ዘላን ኑሮው ሲቆም ቤት የሚውሉበት ጊዜ በዛ፣ የነጋዴው ሱቅም ቀረበ። ሌላው ምክንያት ይበልጥ ይነካኛል። ጭፈራ ሲከለከል የአሜሪካ የነፃነት ቀን ግን መሰብሰብ ይፈቀድ ነበር። ስለዚህ ሐምሌ 4 ቀን የእነሱ ትልቅ በዓል ሆነ። በዚያ ቀን ከሳጥን የሚወጣው ልብስ «አለን» የሚል ንግግር ነበር። እንዳይጨፍሩ የተከለከሉ ሰዎች በልብስ ተናገሩ።

ልጆቹስ? በ1879 ፔንሲልቬንያ ውስጥ የካርላይል አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ልጆች ከሮዝበድና ከፓይን ሪጅ የተወሰዱ ላኮታዎች ነበሩ። ሲደርሱ ፀጉራቸው ተቆረጠ፣ ይዘውት የመጡት ልብስ ተወሰደ፣ ዩኒፎርም ለበሱ። ትምህርት ቤቱ «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ፎቶግራፍ እያነሣ ያሰራጭ ነበር። በዛጎልና በዶቃ የተሠራ የልጅ ልብስ ገበያ ላይ ስታዩ ይህን ታሪክ ሳያስቡ ማለፍ ይከብዳል።

ቀሚሶቹ ከላኮታ ቤት የወጡበት መንገድ ብዙ ነው። አንዳንዱ ተሽጧል፤ ቤተሰብ ሲርበው ነጋዴው ጋር ወስዶታል። አንዳንዱ ለሚስዮናዊ፣ ለሐኪም፣ ለአስተማሪ በስጦታ ተሰጥቷል። መስጠት ለእነሱ ክብር ነው፤ የሰጠ ይከበራል እንጂ ያከማቸ አይከበርም። አንዳንዱ ቡፋሎ ቢል የተባለ አሜሪካዊ አዘጋጅቶ ከ1883 ጀምሮ ካዞረው ትርዒት ጋር አውሮፓ ድረስ ሄዶ እዚያው ቀረ። አንዳንዱን ሙዚየሞች የላኳቸው ሰዎች በጥሬ ገንዘብ ገዝተውታል። እነዚህ መንገዶች ሁሉ እኩል ንጹሕ አይደሉም፤ ግን ቢያንስ ባለቤቷ በሕይወት ነበረች።

የመጨረሻው መንገድ ግን አለ። ታኅሣሥ 29 ቀን 1890 ዉንድድ ኒ በተባለ ወንዝ ዳር የአሜሪካ ሰባተኛ ፈረሰኛ ጦር ላኮታዎችን ፈጀ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። ልብሳቸውና ጌጣቸው ከሬሳ ላይ ተገፎ ለማስታወሻ ተሸጠ። አንድ የጭፈራ ሸሚዝ ስኮትላንድ፣ ግላስጎው ሙዚየም ገብቶ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆየ፤ ወደ ላኮታዎች የተመለሰው በ1999 ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ባር በምትባል ትንሽ ከተማ የነበረ ሙዚየም ደግሞ ከ1800ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የያዛቸውን 150 ያህል ዕቃዎች የመለሰው በኅዳር 2022 ነው። ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው ተብሎ የሚታመን ጥልፍ ቀሚስ እንዳለ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ነገር ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ጠንቃቃ ሰብሳቢ ከሁሉ በፊት «ይህ ከማን ቤት፣ እንዴት ወጣ?» ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። የእጅ ለእጅ ታሪክ ይሉታል። አሮጌ ደብዳቤ፣ የሱቅ ደረሰኝ፣ ቀሚሱን የለበሰችው ሴት ፎቶግራፍ፣ ስሟ የተጻፈበት ወረቀት፤ እነዚህ ዋጋውን በብዙ ከፍ ያደርጉታል። በእኔ እምነት ታሪክ የሌለው ቀሚስ ዋጋው ዝቅ ቢል እንኳ ርካሽ አይደለም። ሻጩ «የቆየ ነው፣ ከአያቴ ነው ያገኘሁት» ብቻ ካለና አያቱ ወታደር ከነበሩ፣ ቆም ማለት ጥሩ ነው።

ሕጉን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1990 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ከመቃብር የወጡና ቅዱስ የሆኑ ዕቃዎች ለባለቤቶቹ እንዲመለሱ ያዛል። ግን የሚያስገድደው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሙዚየሞችን ነው፤ አንድ ግለሰብ ሳሎኑ ውስጥ ያለውን ቀሚስ እንዲመልስ በዚህ ሕግ አይገደድም። ተራ የበዓል ቀሚስ ብዙ ጊዜ ቅዱስ ከሚባለው ውስጥ አይገባም። ከሬሳ የተገፈፈው ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግ «በአሜሪካ ነባር ሕዝብ የተሠራ ነው» ብሎ ሐሰተኛ ዕቃ መሸጥን እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ይኼኛው ከ1935 ወዲህ ለተሠሩ ነገሮች ነው። በ2022 መጨረሻ ደግሞ ከአገር ማስወጣትን የሚገድብ ሕግ ተጨመረ። አንድ ወጥመድ አለ፤ ቀሚሱ ላይ የንሥር ላባ ከታሰረበት መሸጥም መግዛትም አይቻልም። መቶ ዓመት የቆየ ቢሆን እንኳ።

አሁን ዕቃው ላይ እናተኩር። እውነተኛውን አሮጌ ቀሚስ ከአዲሱ እንዴት ይለዩታል?

ጠርዙን ነግሬያችኋለሁ፤ ያልተነከረው ነጭ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ግን ብቻውን አይበቃም፤ ዛሬም ተመሳስሎ የሚሸመን ጨርቅ አለ። ከዚያ ክሩ ይታያል። ጅማት ከሆነ ደርቆ ይጠነክራል፣ ውፍረቱም አንድ ዓይነት አይሆንም። የጥጥ ክርም አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ ሴቶቹ ሱቅ የገባውን ሁሉ ሞክረዋል። ናይሎን ግን በዚያ ዘመን አልነበረም። የአልትራቫዮሌት መብራት ጨለማ ውስጥ ሲያበሩበት ብዙ ዘመናዊ ክርና ጨርቅ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ያበራል። አሮጌው ቀሚስ መሐል አንድ ረድፍ ካበራ ያ ረድፍ በኋላ ተጠግኗል ማለት ነው። ጥገና ነውር አይደለም። መደበቁ ነው ነውሩ።

ዛጎሎቹም ይናገራሉ። እውነተኛ ዛጎል አንዱ ከሌላው እኩል አይደለም። አንዱ ጎበጥ ይላል፣ ሌላው ይቀናል፤ አንዱ ጫፉ ተሸርፏል። በእጅ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። ፕላስቲክ ግን ሁሉም ልክ አንድ ነው፣ ሲነኩትም ይሞቃል። ከዚያ ደግሞ የመለበስ ምልክት አለ። ሴቲቱ ስትቀመጥ፣ ክንዷን ስታነሣ የሚፋተጉ ቦታዎች አሉ። ብብት አካባቢ ያለው ሱፍ ይሳሳል። ዛጎሎቹ የሚነካኩበት ቦታ ይለሰልሳል። አስመሳይ ሰው ጨርቁን በሻይ ነክሮ ሊያስረጀው ይችላል። ግን እርጅናውን ሁሉም ቦታ እኩል ያደርገዋል። ሰው ሲለብስ እንደዚያ አያረጅም።

ትንንሽ ቀዳዳ ካለ ብል ነው። ብል ሱፍ ይወዳል። ጥቂት ቀዳዳ ዋጋውን ብዙ አይቀንስም። እንዲያውም አንዳንዶች ምንም ያልተነካ የመቶ ሠላሳ ዓመት ሱፍ ሲያዩ ይጠራጠራሉ። ግን ደግሞ ብል እንዳይበላው ተብሎ በድሮ ጊዜ ሙዚየሞች ልብሶችን አርሴኒክና ሜርኩሪ ይነሰንሱባቸው ነበር። መርዙ ዛሬም ጨርቁ ውስጥ አለ። ከሙዚየም የወጣ ቀሚስ ያለጓንት አይነካም፣ ልጅም አይለብሰውም። ዕቃ የተመለሰላቸው ማኅበረሰቦች ሥርዓት ላይ ሊለብሱት ሲፈልጉ ይህ መርዝ ትልቅ ችግር ሆኖባቸዋል።

አያያዙ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሰው ውድ ዕቃ ሲገዛ ለውድ ዕቃ የሚመጥን ቤት ይሠራለታል። የሚያምር የኦክ እንጨት ካቢኔ ያሠራል። ኦክ ግን አሲድ ያለበት ትነት ያወጣል። ዛጎል ደግሞ ኖራ ነው ማለት ይቻላል። አሲዱ ዛጎሉን ቀስ በቀስ ይበላዋል። መጀመሪያ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣበታል፤ ሰው አቧራ ይመስለውና በጨርቅ ይጠርገዋል። ከዓመታት በኋላ ዛጎሉ ይቦረቦራል። ባይን በሽታ ይሉታል፤ በሽታ አይደለም፣ ኬሚስትሪ ነው። የፓስፊክን ማዕበል የቻለ ዛጎል ቆንጆ ካቢኔ ውስጥ ይሞታል።

ቀሚሱን መስቀያ ላይ ማንጠልጠልም ስሕተት ነው። የዛጎሉ ክብደት ሁሉ ትከሻው ላይ ስለሚያርፍ አሮጌው ሱፍ ይቀደዳል። ተዘርግቶ፣ አሲድ በሌለው ወረቀት ተሸፍኖ፣ ከብርሃን ርቆ መተኛት አለበት። ውኃ ፈጽሞ አይነካውም።

ታዲያ ሰብሳቢው የሚወደው ምኑን ነው? አንዳንዱ ንድፉን ይወዳል። ጥቁር ሰማያዊ ላይ ነጭ ክብ፤ ሌላ ጌጥ አያስፈልገውም። የዶቃ ሥራ ዓይን ይይዛል፣ እያንዳንዱን ቅርጽ አንብበኝ ይላል። የዛጎሉ ቀሚስ ግን ጸጥ ያለ ነው። ከሩቅ ጀምሮ ይታያል፣ ሲቀርቡም አይጮህም። ሌላው ሰው ደግሞ ብርቅነቱን ይወዳል። ሱፍ በብል ያልቃል፣ ዛጎል ይሰበራል፣ ክር ይበጠሳል፤ ሙሉ ሆኖ የደረሰ ብዙ አይደለም። ደረት ላይ የሚውለው የዛጎል ክፍል አንዳንዴ እንደ ካባ ለብቻው የሚሠራና የሚወልቅ ስለነበር፣ ቀሚሱ አልቆ ካባው ብቻ የቀረበት ጊዜም አለ። አዋቂ ሰብሳቢዎች ግን በጊዜ ብዛት ሌላ ነገር መውደድ ይጀምራሉ። ስሟን ማወቅ ይፈልጋሉ። ማን ሰፋችው? ለማን? ብዙ ጊዜ መልስ የለም። ያኔ የሰበሰቡት ሰዎች የአለቃውንና የጦረኛውን ስም ሲጽፉ የሴቲቱን አልጻፉም። «ሱ፣ የሴት ቀሚስ» ብለው ወረቀት ለጠፉበት።

ቀሚሶቹን ሳይገዙ ማየት ይቻላል። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖሩ ሰዎች፣ ከካፒቶሉ አጠገብ ያለው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ብሔራዊ ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነው። በ2007 እዚያው ሙዚየም የሴቶች ቀሚስ ብቻ የቀረበበት ትልቅ ዐውደ ርእይ ነበር። ከአሮጌዎቹ ጎን አዲስ የተሠሩም ነበሩ። የአሲኒቦይንና የሱ ተወላጇ ጆይስ ግሮዊንግ ተንደር ፎጋርቲ ከልጇና ከልጅ ልጇ ጋር የሠራችው የዶቃ ቀሚስ ሙዚየሙ ውስጥ አለ። ሦስት ትውልድ፣ አንድ ቀሚስ። የእነዚህን ሠሪዎች ስም ማንም አይጠፋውም።

ገንዘብ ኖሮት መሰብሰብ ለሚያምረው ሰው የምለው ይህ ነው፦ ከአሮጌው በፊት ከአዲሱ ጀምር። በሕይወት ካለች ሴት ግዛ። ከማን ቤት እንደወጣ አትጨነቅም፤ እሷ ራሷ ትነግርሃለች። ዋጋው ርካሽ አይሆንም፣ መሆንም የለበትም። አሮጌውን ቀሚስ በትክክል ማየት የሚማሩትም አዲሱ ሲሰፋ አይተው ነው።

ዛሬ ዛጎሉ የሚመጣው በፖስታ ነው። ብዙው ከእስያ ባሕር የወጣ ነው፤ በኦንላይን ታዝዞ በትንሽ ከረጢት ይደርሳል። ሠሪዋ ጠረጴዛ ላይ ትዘረግፈውና መለየት ትጀምራለች። ረጅሙን ለውጪው ረድፍ፣ አጭሩን ለአንገት። የተሸረፈውን ወደ ጎን። ከዚያ መርፌዋን ታነሣለች። ክሩ በአንዱ ጫፍ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል፣ ጨርቁን ይይዛል። ቀጣዩ ዛጎል።